የድካም ካርዶች

ቢሯችን ከደረጃ ሥር ነበረች። ባለ አራት ፎቅ የድሮ ሕንፃ ነው። ምድር ላይ የመነጽር መሸጫና ፎቶ ቤት ጎን ለጎን አሉ፣ በሁለቱ መካከል ደረጃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከደረጃው ሆድ ሥር ደግሞ እኛ ነበርን። ጣሪያው በበሩ በኩል ሰው ያስቆማል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን እያዘቀዘቀ ይመጣና መጨረሻው ላይ ካርቶን እንጂ ሰው አይቆምበትም። የሚወጣውና የሚወርደው ሁሉ በአናታችን ላይ ያልፋል። ከመልመዳችን የተነሣ ሰዉን በኮቴው እንለየው ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም እየዘለለ ይወርዳል፤ ታካሚዎቹ ሲወጡ ግን በየደረጃው ቆም እያሉ ያስባሉ።

በዚያች ክፍል ከአንድ ተርጓሚ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ። በኋላ ታይፑ ኮምፒውተር ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው። የልደት ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሥራ ልምድ ይመጣልናል፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ማመልከቻ ነበር። በከተማው ያሉት ትልልቅ ድርጅቶች ኃላፊዎቻቸው ከውጭ የመጡ ስለሆኑ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ አይቀበሉም። ስለዚህ ሰው የሆዱን በራሱ ቋንቋ ይነግረናል፣ እኛ በማያውቀው ቋንቋ አድርገን እንመልስለታለን። ይዞት ሲሄድ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው እኛን በማመን ብቻ ነው።

ሰዉ ተርጓሚውን «ጋሽ ካርድ» ይላቸዋል። እኔ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ከፎቶ ቤቱ የሚጣለውን ጠንካራ ወረቀት እየለመኑ በመዳፍ ልክ ይቆርጡታል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፉና ከሥሩ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ያሰፍሩበታል። አሥራ አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተው ነበር። ካርዶቹን የሚደረድሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በዝምድና ነው። አንድ ካርድ እንዳቀብላቸው ሲልኩኝ፣ «ብቻውን አታምጪው፣ ከነዘመድ አዝማዱ አምጪው» ይሉኛል። በትልቅነት ካርቶን ውስጥ ቢግ አለ፣ ላርጅ አለ፣ ግሬት አለ። «ቢግ ለሁሉም ይሆናል። ላርጅ የሸሚዝ ልክ ነው። ግሬትን ለዕቃ ከመስጠትህ በፊት ሁለት ጊዜ አስብ» ይላል ካርዱ። ለራሳቸው ነው እንዲህ የሚጽፉት፣ ራሳቸውን እየመከሩ።

ከሁሉም የሞላው የድካም ካርቶን ነበር። ክዳኑ አልገጥም ብሎ በላስቲክ ታስሯል። ማመልከቻ ሊያጽፍ የሚመጣው ሰው ሁሉ አፉን ሲከፍት የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ደክሞኛል»። በእኛ አፍ አንዷ ቃል ሁሉን ትሸከማለች። በእንግሊዝኛው ግን ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ ቦታ አለው። እኔ ትምህርቴ ብዙም አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳቀብል ሳስቀምጥ ግን እነዚህን በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

«ታየርድ። የዕለት ድካም። ሰው ከሥራ ሲገባ የሚለው። ሲተኙ ይለቃል። የትም ቢጻፍ አያሳፍርም።»

«ኤግዞስትድ። ተሟጦ ያለቀ። ጆጉ ተገልብጦ ጠብ የሚል ሲጠፋ። በየቀኑ ከተባለ አይታመንም።»

«ፈቲግ። ሐኪም ሲጽፈው ያምርበታል። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፈው የተዋሰው ይመስላል።»

«ዎርን አውት። መጀመሪያ የጫማ ሶል። ቀጥሎ ሰው።»

«ዊሪ። ከሥራው ብዛት ሳይሆን ከዘመኑ ርዝመት የሚመጣ። እንቅልፍ አይደርስበትም። እውነተኛ ቃል ነው፣ ማመልከቻ ውስጥ ግን አይገባም። አለቃ ሲያነበው በቃኝ ያሉት ይመስለዋል።»

ታዲያ ባለ ጉዳዩ «ደክሞኛል» ሲል ጋሼ ዝም ብለው አይጽፉም። መጀመሪያ ያስቀምጡታል። ለደንበኛ የተለየች ትራስ ያላት ወንበር ነበረችን፣ ቆሞ የሚያወራን ሰው አይሰሙም። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ተኝተህ ስትነሣ ይለቅሃል? አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁለመናህን? ሥራው ቢቀየርልህ ትሠራለህ ወይስ ጨርሶ መሥራት አትፈልግም?» ሰው ሊበሳጭ ይችላል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ጋሼ፣ ማመልከቻ ሊጽፉልኝ ነው ወይስ መርፌ ሊወጉኝ?» ብሎ አስቆናል። እሳቸው ግን ካልጠየቁ አይጽፉም፣ ጽፈውም በእኛው ቋንቋ መስመር በመስመር ካላነበቡለት አይሰጡም። የቤታችን ሕግ ይኸው ነበር።

የራሳቸውን ድካም ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እኔም ጭምር። ባለቤታቸው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ አራተኛ ዓመታቸው ነበር። አንደበታቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። አንዳንዴ የተመታ ወረቀት ላደርስ ቤታቸው ስሄድ አልጋው መስኮት ሥር ሆኖ አገኛቸዋለሁ። «ነይ እስቲ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ስንት ቃል ቀበረ?» ይሉኛል። ጋሼ በየማለዳው ያነሷቸዋል፣ ያጥቧቸዋል፣ አንሶላ ይቀይራሉ፣ መልሰው ያስተኟቸዋል። ሰውነታቸው ከባድ ነው። ከዚያ የጎረቤት ሴት ስትመጣ ጋሼ ወደ ቢሮ ይወጣሉ። ማታ ደግሞ እንደገና ያነሷቸዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት አይቼ እንጂ ነግረውኝ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ አርፍደው መጡ። ከጆሯቸው ኋላ የደረቀ የሳሙና አረፋ ነበረ፣ የኮታቸው ኮሌታ በአንድ ወገን ተቀልብሷል። ለፍርድ ቤት የሚደርስ አርባ ስድስት ገጽ የውርስ ጉዳይ ተከምሮብናል፤ ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ ግማሹን በደንበኛ ወንበር ላይ ቆልለነዋል።

በዚህ መሐል ከልብስ ፋብሪካው የካውያ ክፍል አንዲት ሠራተኛ ገባች። ረጅም ናት፣ ሠላሳውን ያለፈች፤ ክንዷ ላይ ካውያ የነካት ቦታ ሁሉ እንደ ማስመሪያ መስመር ሰርቷል። ጫማዋን በተረከዙ በኩል በመቀስ ቀድዳ ከፍታዋለች። እግሯ አብጦ ነው። ቆማ አንዱን እግር ታሳርፋለች፣ ደግሞ ሌላውን።

«ጋሼ፣ ደክሞኛል» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ ነው የተኮስኩት። ክር የሚለቀምበት ክፍል አለ፣ እዚያ ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት። ወደዚያ እንዲያዛውሩኝ ይጻፉልኝ።»

ጋሼ ቀና ብለው አይተዋት አንገታቸውን ነቀነቁ። ወንበሩን ከወረቀቱ አላስለቀቁላትም፣ ምንም አልጠየቋትም። ብዕራቸውን አነሡና መጻፍ ጀመሩ። ሌላ ጊዜ አንድ ማመልከቻ ሲጽፉ አራቴ ይሰርዛሉ፤ ያን ቀን ግን ውሃ እንደሚፈስ ሆኖ ወረደላቸው። አንድም ስርዝ የለውም። ወረቀቱን ሲያቀብሉኝ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ቀለል ያለ መሰለኝ።

እኔ ታይፕ ሳደርግ ሁሉንም አልረዳም። ግን የማውቃቸው ቃላት አሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ ዊሪ የሚለውን አየሁት። ሦስተኛው ላይም አለ። ካርዱ ትዝ አለኝ። ጋሼን ልጠይቅ ፈለግሁና አፈርኩ። እኔ ማን ነኝና የእሳቸውን ቃል የማርም ብዬ መታሁት። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለልጅቷም አላነበቡላትም። «ደህና ነው፣ ይዘሽው ሂጂ» አሏት። መርቃን ሄደች።

በስምንተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ተመለሰች። የዚያን ዕለት ኮቴዋን ከደረጃው ፊት ሰማሁት፤ እየጎተተችው ነው። አንድ ባለ ማኅተም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ አሰናበቱኝ እኮ!»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ፋብሪካው ነዋ! ‹ያቀረብሽውን ጥያቄ ተረድተን ተቀብለናል፣ ዓርብ የመጨረሻ ቀንሽ ነው› ይላል አሉኝ። እኔ መቼ ነው የጠየቅኩት? ሁለት ልጆችና አንዲት እናት አሉብኝ። ሌላ የሚሠራ እጅ እቤቴ የለም። እግሬን እንጂ እጄን አላመመኝም እኮ!»

ጋሼ የግልባጮቹን ፋይል አምጪ አሉኝ። አመጣሁላቸው። ግልባጩን ከፊታቸው አድርገው አነበቡት፤ ከዚያ ያኔ ያላደረጉትን አደረጉ፣ ለእሷ በቋንቋችን አነበቡላት፣ መስመር በመስመር።

«‹ጠዋት ስነሣ ቀኑ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስለኛል። ያንኑ ክብደት በየቀኑ አንሥቼ በየቀኑ አስቀምጣለሁ። እንቅልፍ አያሳርፈኝም፣ የደከመው እንቅልፍ የሚደርስበት ቦታ አይደለምና። አንድም ቀን በቃኝ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን በዚህ ወረቀት ላይ እላለሁ።›» የዝውውሩ ነገር መጨረሻ ላይ ነበረች፣ ግማሽ መስመር።

ልጅቷ አፏን ይዛ ሰማች። «ውይ፣ አንጀት ይበላል» አለች ቀስ ብላ። «ግን እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አላልሽም። ይሄ የአንቺ ደብዳቤ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ከላይ የጥርስ ሐኪሙ እየዘለለ ወረደ። ኮቴው እስኪያልፍ ጠበቁ።

«የእኔ ነው» አሉ።

እሷም ቆጣ አለች። «ታዲያ እርስዎን ያሰናብቱዋ! እኔን ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?»

ጋሼ ሳቁ። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ሳቁ። ከዚያ ኮታቸውን አነሡ። «ፋይሉን ይዘሽ ተከተይን» አሉኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቢሮዋን በሥራ ሰዓት የዘጋነው ያን ቀን ብቻ ነው። ቁልፉ ራሱ ግራ ገብቶት እምቢ አለን።

ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው የስንብት ወረቀቷን አየና እኛን ተራ በተራ አየን። «ሦስታችሁም ልትሰናበቱ ነው?» አለ።

«እኔ ብቻ» አሉት ጋሼ።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበረች። ወጣት ናት፣ ዓይኗ ግን ወጣት አይመስልም። ከፊቷ የማመልከቻ ቁልል፣ ከጎኗ እየተንቋቋ የሚዞር አሮጌ ማራገቢያ፤ ወረቀቶቹ እንዳይበሩ በየቁልሉ ላይ የካውያ እጀታ ስባሪ አስቀምጣለች። የመጣንበትን ስንነግራት ደብዳቤውን ሳትፈልግ አወጣችው። ከሌሎቹ ጋር ሳይሆን ከመሳቢያዋ ውስጥ ነበር።

«አባት፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በቀን አርባ ማመልከቻ አነባለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ይሄን ሳነብ ግን...» ወረቀቱን አስተካክላ አስቀመጠችው። «ቤቴ ይዤው ሄጄ ነበር። ይህች ሴት ተንገፍግፋለች፣ ከዚህ ሥራ አውጥቶ ማሳረፍ ነው ብዬ ሌላውን ሁሉ ትቼ አስቀድሜ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።»

«ደግ ነው የሠራሽው» አሉ ጋሼ። «ሰውዬው ነው የተሳሳተው። ይህች ልጅ ያላለችውን ጽፌ ሰጠኋት። ሳልጠይቃት ጻፍኩ፣ ሳላነብላት ሰጠሁ። ስትነግረኝ እንኳን ቆማ ነበር። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ ከፈለግሽ ይሄንኑ ጽፌ እፈርምበታለሁ።»

ኃላፊዋ ፊቷን ወደ ካውያዋ ሠራተኛ መለሰች፤ እስከዚያ ድረስ ልጅቷ እንዳለችም ማንም ልብ ያላለ ይመስል ነበር። ጥግ ላይ የነበረውን ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «ቁጭ በይ እስቲ» አለቻት። «አንቺ ራስሽ ምን ሆነሽ ነው?»

ልጅቷ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ከውስጧ የወጣውን ትንፋሽ ሁላችንም ሰማነው።

«እግሬ ነው። ከጉልበቴ በታች። ሌላው ደህና ነኝ።»

«ሥራው ሰልችቶሻል?»

«ኧረ በሕግ! እኔ ሸሚዝ ሲወጣልኝ ደስ ይለኛል። ከዚህ ሁሉ ሰው እንደኔ ኮሌታ የሚያወጣ ካለ ይጠራልኝ። ብቻ ቁጭ ልበል። ቁጭ ብዬ ከሆነ ክሩንም አንድ ሳይቀር እለቅመዋለሁ።»

ኃላፊዋ ልጅቷን ትንሽ አየቻት። «ይህችን ታህል ትንሽ ነገር ናት ከዚህ እስከ እናንተ ቢሮ ደርሳ የተመለሰችው?» አለች። ከዚያ ባዶ ወረቀት ለጋሼ ገፋችላቸው። «የተፈረመውን የሚያስነሣ አዲስ ማመልከቻ ካልያዝኩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አልገባም። አጭር ያድርጉት።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ከመጻፋቸው በፊት ሦስቱንም ጥያቄ ጠየቋት። ተኝታ ስትነሣ እስከ ረፋድ ይለቃታል። አንድ ቦታ ነው። ቢቀየርላት ትሠራለች። አራት መስመር ሆነ። ታየርድ የምትለዋ ቃል አንዴ ገባች፣ እሷም ስለ እግሯ ብቻ። ጮክ ብለው አነበቡላት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች። «አሁን ነው እኔን የመሰለው።»

ኃላፊዋ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። እኛ ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከግድግዳው ማዶ የእንፋሎቱ ድምፅ ይሰማል፤ ሽሽ ይላል፣ ያርፋል፣ ሽሽ ይላል። ልጅቷ ከድምፁ ብቻ ማን እየተኮሰ እንደሆነ ትነግረናለች። «ይቺ ቸኩላለች፣ ታቃጥለዋለች» ትላለች። ከዚያ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆየን። ጋሼ አንዴ እንኳ ሰዓታቸውን አላዩም።

ኃላፊዋ ስትመለስ ፊቷ ምንም አይነግርም፤ የዚያ ሥራ ልማድ ይመስለኛል። «ስንብትሽ ተነሥቷል» አለች። «ክር ለቀማ ለሁለት ወር ለሙከራ ትገቢያለሽ። ሰኞ ጀምሪ። ቢበዛብሽ በአፍሽ መጥተሽ ንገሪኝ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።» የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለጋሼ መለሰችላቸው። «ይሄንን እርስዎ ይያዙት፣ አባት።»

ልጅቷ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟት። «ተይ፣ ለበደለሽ ሰው!» አሏት።

ቢሮ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ጋሼ የውርሱን ወረቀት ከደንበኛ ወንበር ላይ አንሥተው መሬት ላይ ቆለሉት። ከዚያ ወደ ቦታቸው ይሄዳሉ ስል እዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትራሷን ከኋላቸው አመቻቹ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ተቀምጠውባት አያውቁም። የመለሰችላቸውን ደብዳቤ አጥፈው ይዘውታል።

«በይ ጠይቂኝ» አሉ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«እያወቅሽው።»

አፈርኩ። ግን ባለፈው በማፈሬ የሆነውን አይቻለሁ። የታይፑን ወንበር አዞርኩ።

«ተኝተው ሲነሡ ይለቅዎታል?»

«አይለቀኝም።»

«አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁለመናዎን?»

በአናታችን አንድ ታካሚ ወጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ ወጣ። «ቦታ የለውም» አሉ።

ሦስተኛውንም ጠየቅኳቸው። «ሥራው ቢቀየርልዎ ይሠራሉ፣ ወይስ ጨርሶ መሥራት አይፈልጉም?»

«እሷን ማንሣት ላቁም አልልም» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ደብዳቤውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። «አንድ ሰው በሌላው በኩል ቢይዝልኝ ግን...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ቃል የሚያጥራቸው ሰው አልነበሩም።

«ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት እችላለሁ» አልኩ። «እሑድም እችላለሁ።»

ጋሼ ተነሥተው ወደ ቦታቸው ሄዱና የውርሱን ጉዳይ ካቆሙበት ቀጠሉ፣ እኔም መታሁ።

በነጋታው ግን፣ ካልኳቸው ቀኖች አንዱም ሳይደርስ፣ ሐሙስ ማለዳ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ገለል አሉ። ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር ነበሩ።

«ምነው በጠዋቱ? የሚታተም ወረቀት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

«ላግዝ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

ወደ ባላቸው ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኔ። «በይ እግሬን ያዢ» አሉ። «እሱ ሁልጊዜ ከራስጌ ነው የሚጀምረው፤ አራት ዓመት ሙሉ አንገቴን ፈጀው።»

እኔ በእግር በኩል፣ እሳቸው በራስ በኩል ያዝን። ጋሼ «አንድ፣ ሁለት» ብለው ቆጠሩ። ስናነሣቸው ከባድ ነበሩ፣ በጣም ከባድ። ያ ሰው ይህን ክብደት ብቻውን ሲያነሣ እንዴት እንደኖረ እያሰብኩ እርጥቡን አንሶላ ጎተትኩ።